በሌላው ደጃፍ የቆመ ሞንታርቦ፤ ሐሳብን የመግለጽ ነጻነት ነው ወይስ ትንኮሳ?

ጡረተኛው መምህር (ክሩን የከፈቱት)
ጥቅምት 14፣ ከምሽቱ 2፡10

በቅድሚያ ባለፈው ሳምንት እዚህ ጅማ፣ በሰፈራችን የሆነውን ልንገራችሁ። የጸሎት ሰዓት ነበር። አንድ ፒክአፕ መኪና ሞንታርቦ ጭኖ መጣና ከአምልኮ ቦታው በር ፊት ለፊት ቆመ። ማይክራፎን የያዘው ሰው የራሱን እምነት አልሰበከም፤ ሰብኮ ቢሄድ ኖሮ ይህን ባልጻፍኩ። ወደ በሩ ዞሮ፣ ውስጥ ያሉትን ሰዎች «እናንተ» እያለ፣ የሚያከብሯቸውን ስሞች አንድ በአንድ እየጠራ ያፌዝ ጀመር። ወጣቶች ወጡ፤ ድንጋይ ያነሱም ነበሩ። አንድ የሰፈራችን ሽማግሌ መንገዱን ተሻግረው የሾፌሩን መስኮት አንኳኩና «ልጄ፣ መኪናህ አልተበላሸችም፤ ነዳጅህም አላለቀም፤ እንግዲህ ሂድ» አሉት። ሾፌሩ ድምፁን አጥፍቶ ሄደ። የተጎዳ ሰው የለም።

ጠቡ የመጣው ከዚያ በኋላ፣ ቡና ላይ ነው። ግማሹ ሰው «ይህ ሰው መታሰር አለበት» አለ፤ ሌላው «የታሰረው ሰው ሰማዕት ሆኖ ይወጣል፤ ደግሞስ በየትኛው ሕግ?» አለ። እኔ ለብዙ ዓመታት ሥነ ዜጋ ያስተማርኩ ሰው ነኝና ሁሉም ፊቱን ወደ እኔ አዞረ፤ እኔም አጥጋቢ መልስ አልነበረኝም። እቤት ገብቼ ሳስበው የደረስኩበት ይህ ነው፦ ሕጉ «ቃሉ ምን ያህል ያማል?» ብሎ ከጠየቀ መጨረሻው አያምርም፤ መጠየቅ ያለበት ተናጋሪው የት እንደቆመ፣ ወደ ማን እንደዞረና ሰሚው አልሰማም ብሎ መሄድ ይችል እንደሆነ ነው።

የየትኛው ሃይማኖት ሰው በየትኛው በር ላይ እንደቆመ ሆን ብዬ አልጻፍኩም። እባካችሁ አትጠይቁኝ።

ጠበቃ ከመንደራ
ጥቅምት 14፣ ከምሽቱ 3፡02

መምህር፣ ከጽሑፉ ልጀምር፤ ብዙ ሰው የሚከራከረው ሕጉን ሳያነብ ነውና። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 29 ሐሳብን የመግለጽን ነጻነት ሲደነግግ በንዑስ አንቀጽ 6 ላይ ገደብን የሚገድብ አስደናቂ ሐሳብ አስቀምጧል፦ ይህ ነጻነት በአስተሳሰቡ ይዘትና አስተሳሰቡ ሊያስከትል በሚችለው ውጤት ምክንያት ሊገታ አይገባም። ገደብ የሚጣለው የወጣቶችን ደኅንነት፣ የሰውን ክብርና መልካም ስም ለመጠበቅ ነው፤ የጦርነት ቅስቀሳና ሰብአዊ ክብርን የሚነካ የአደባባይ መግለጫ ግን በሕግ የሚከለከሉ ናቸው። የሃይማኖት ነጻነት ያለው በአንቀጽ 27 ነው፤ እርሱም ሰው እንዳይገደድ ይጠብቀዋል እንጂ እንዳይከፋው አይጠብቀውም።

ወደ 1996ቱ የወንጀል ሕግ ስንመጣ ሁለት በጣም የተለያዩ ድንጋጌዎችን እናገኛለን። አንቀጽ 492 የተፈቀደ ሃይማኖታዊ ሥነ ሥርዓትን በአደባባይ የሚከለክልን፣ የሚያውክን ወይም የሚያፌዝበትን፣ እንዲሁም የአምልኮ ቦታን፣ ሥዕልን ወይም ዕቃን የሚያረክስን ሰው በመቀጮ ወይም ከ2 ዓመት በማይበልጥ ቀላል እስራት ይቀጣል። አንቀጽ 816 ደግሞ በደንብ መተላለፍ ክፍል ውስጥ ያለ ሲሆን፣ በአደባባይ በቃልም ሆነ በምልክት በሃይማኖት ላይ የሚያላግጥን ወይም የሌላውን ስሜት ክፉኛ በሚነካ መንገድ የሚናገርን ሰው በመቀጮ ወይም ከ1 ወር በማይበልጥ እስራት ይቀጣል።

የእርስዎ ፒክአፕ በ492 ሥር ያለ ብዙ ድካም ይገባል። ዳኛው የሰውዬውን ትምህርት መመርመር አያስፈልገውም፤ ጸሎት እየተካሄደ ነበር፣ ጸሎቱ ታወከ፣ አዋኪው ይህ ነው፤ አበቃ። እኔን የሚያሳስበኝ 816 ነው፤ መለኪያው በሰሚው ሆድ ውስጥ ነውና። የሆድን ነገር በማስረጃ እንዴት አድርጌ እከራከራለሁ?

የጅረን ልጅ
ጥቅምት 14፣ ከምሽቱ 3፡40

እኔ በዚያ ሰዓት ውስጥ ነበርኩ። እናቴ ከጎኔ ነበረች። ስለ አንቀጽ የምትጽፉት ሁሉ መልካም ነው፤ ነገር ግን እናቴ እንባዋን በነጠላዋ ጫፍ ስትጠርግ አይቻለሁ።

አንድ ጥያቄ አለኝ። ጠበቃው እንደጠቀሱት ሕገ መንግሥቱ የሰውን መልካም ስም ይጠብቃል። አንድ ሰው ስለ አባቴ የሐሰት ስድብ ቢያወራ ልከስሰው እችላለሁ ማለት ነው። እኔ ደግሞ ከአባቴ አብልጬ የምወድደው፣ ስሙን ጠርቼ የምነሣ የምተኛ፣ ስሙ ሲጠራ ልቤ የሚሞቅ አለኝ። እርሱ ላይ ሲላገጥ ግን «ይህ ሐሳብ ነው» ትሉኛላችሁ። ለሥጋ አባቴ ያለኝን ስሜት ሕጉ የሚያውቀው፣ ለነፍሴ ያለኝን የማያውቀው ለምንድን ነው? መልስ ያለው ይመልስልኝ፤ ስድብ ግን አልቀበልም።

እናት ከፈረንጅ አራዳ
ጥቅምት 15፣ ከጠዋቱ 1፡25

ሌሊቱን ሳነብ አድሬ ነው የምጽፈው። ልጄ የጅረን ልጅ፣ የእናትህ እንባ አልጠፋኝም፤ በእርሷ ዕድሜ ያለሁ ነኝ።

የእኔ ቤት መስጊዱንም ቤተ ክርስቲያኑንም ይሰማል። አዛኑ ያነቃኛል፤ እሑድ እሑድ ደግሞ ቅዳሴው ይመጣል። እስቲ ቃሉን ልብ ብላችሁ ስሙ። አንዱ «ከአላህ በቀር አምላክ የለም፤ ሙሐመድ የአላህ መልእክተኛ ነው» ይላል፤ ሌላው በአብ፣ በወልድና በመንፈስ ቅዱስ ስም ይጀምርና ክርስቶስ አምላክ መሆኑን ይመሰክራል። እነዚህ ሁለት ቃላት አንዱ የሌላውን ሥር ይነቅላሉ። ለሙስሊሙ ጎረቤቴ የእኔ ምስክርነት ሽርክ፣ በአላህ ላይ ሌላ ማጋራት ነው፤ ለእኔም የእርሱ ምስክርነት ጌታዬን ዝቅ ያደርጋል። ከዚህ የበለጠ ምን የሚያስቀይም ነገር ሊባል ይችላል? ነገሩ በሹክሹክታም አይደለም፤ በድምፅ ማጉያ ነው፤ በየቀኑ ነው።

ነገር ግን በዚህ ሰፈር በኖርኩበት ዘመን ሁሉ በአዛን የተነሣ ድንጋይ ያነሣ ክርስቲያን፣ በቅዳሴ የተነሣ የጮኸ ሙስሊም አላየሁም። ለምን እንደሆነ ትናንት ማታ ነው የገባኝ። አዛኑ እኔን አይናገረኝም፤ የራሱን ሰዎች ይጠራል። ቅዳሴውም ወደ እግዚአብሔር ነው የዞረው። እኔ በመካከል የምሰማው ጎረቤት በመሆኔ ነው። ያ የፒክአፕ ሰው ግን «እናንተ» አለ። መምህር እንዳሉት ወደ በሩ ዞረ። የተናገረው ቃል እኮ ምናልባት በየስብከቱ ውስጥ ከሚባለው ያን ያህል የራቀ ላይሆን ይችላል፤ ቃሉን ያከረረው አቅጣጫው ነው።

(ድምፅ ማጉያው በራሱ ይቀነስ የሚል ክርክር ካለ ግን እኔም እፈርማለሁ። የቀጠናው ሕፃናት እንቅልፍ አጥተዋል።)

ረዳት ሌክቸረር
ጥቅምት 15፣ ከቀኑ 6፡15

እትዬ፣ ስለ አቅጣጫ የጻፉትን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። እኔ ግን ከሁላችሁም ወደ ነጻነቱ የማዘነብል ነኝና የምቀርበው በተቃራኒው ወገን ነው።

«ሆን ብሎ መተንኮስ» የሚለው ቃል ያስፈራኛል፤ በታሪካችን ውስጥ «ሆን ብለህ ተነኮስከን» የተባሉት አብዛኛውን ጊዜ ደካሞቹ ነበሩና። በ15ኛው ክፍለ ዘመን ደቂቀ እስጢፋኖስ (የአባ እስጢፋኖስ ተከታይ መነኮሳት) ለንጉሡ አንሰግድም በማለታቸው፣ ለማርያምና ለመስቀል አይሰግዱም በሚልም ተከስሰው፣ በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን የደረሰባቸውን ስቃይ የምታውቁ ታውቃላችሁ። ለዘመኑ ምእመን የእነርሱ አቋም የለየለት ድፍረት ነበር። በ1870 ዐፄ ዮሐንስ በጠሩት የቦሩ ሜዳ የሃይማኖት ጉባኤ ማግስት የወሎ ሙስሊም በእምነቴ እጸናለሁ ማለቱ ራሱ እንደ አመፅ ተቆጥሮበታል። በደርግ ጊዜ ጴንጤ ተብሎ የታሰረው ወጣት መዝሙር ከመዘመር የከፋ ምን አደረገ? ሚያዝያ 12 ቀን 1966 የአዲስ አበባ ሙስሊሞች ክርስቲያን ወንድሞቻቸውን ይዘው አደባባይ ሲወጡ ከጥያቄዎቻቸው አንዱ «በኢትዮጵያ የሚኖሩ እስላሞች» መባላችን ቀርቶ ኢትዮጵያውያን ሙስሊሞች እንባል የሚል ነበር። ዛሬ ይህን የሚቃወም የለም፤ በዚያን ጊዜ ግን ሰልፉን እንደ ትንኮሳ የቆጠረው ጥቂት አልነበረም። ስለዚህ «ምእመኑ ተቀይሟል» የሚለው ብቻውን ምንም አያረጋግጥም፤ እኩልነትም ያስቀይማል።

ከሩቅ አንድ ጉዳይ ልጨምር፤ ከመምህር ፒክአፕ ጋር ስለሚመሳሰል ነው። እ.ኤ.አ. በ1940 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የካንትዌልን ጉዳይ ወሰነ። ካንትዌል የይሖዋ ምስክር ሲሆን፣ ካቶሊኮች በሚበዙበት በኒው ሄቭን ከተማ አንድ ሰፈር የሸክላ ማጫወቻ ይዞ ይዞር ነበር። ሁለት ሰዎችን በመንገድ አስቆመና ሸክላውን እንዲያሰማቸው ፈቃድ ጠየቀ፤ ፈቀዱ። ሸክላው ካቶሊክ ቤተ ክርስቲያንን የሚያብጠለጥል ነበር፤ ሁለቱም ካቶሊኮች ነበሩና ሊመቱት እስኪቃጡ ተቆጡ። ሂድ ሲሉት ሄደ። ሰላም በማደፍረስ ተከስሶ ተፈረደበት፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ግን ፍርዱን ሻረው። ሰሚው መቆጣቱ ተናጋሪውን ወንጀለኛ አያደርገውም። እኔም የምለው ይህንኑ ነው።

ጡረተኛው መምህር
ጥቅምት 15፣ ከምሽቱ 1፡05

ልጄ ረዳት ሌክቸረር፣ ያመጣኸው ምሳሌ ከአንተ ይልቅ ለእኔ ይመሰክራል ብዬ እፈራለሁ። ካንትዌል ፈቃድ ጠየቀ። ሂድ ሲባልም ሄደ። እነዚህን ሁለት ነገሮች ከታሪኩ ብታወጣቸው ምን ይቀራል? ፒክአፑ ማንንም አልጠየቀም፤ ሽማግሌው መስኮት እስኪያንኳኩ ድረስም አልሄደም። ሸክላው ላይ የነበረው ቃል ከማይክራፎኑ ቃል የለዘበ አልነበረም፤ ልዩነቱ ሰሚው የመስማት ፈቃዱን ይዞ መቆየቱ ነው።

እንግሊዛዊው ፈላስፋ ጆን ስቱዋርት ሚልም በዚህ መንገድ የሚሄድ ምሳሌ አለው። የእህል ነጋዴ ድሃውን በረሃብ ይገድላል የሚል ሐሳብ በጋዜጣ ሲታተም ማንም ሊነካው አይገባም፤ በነጋዴው ቤት ደጅ ለተሰበሰበና ለጋለ ሕዝብ ሲነገር ግን ሊያስቀጣ ይችላል። በእኛ አገር ነገሩን ለማየት የእህሉን ነጋዴ የቡና ነጋዴ ማድረግ፣ ደጁንም የከተማችን ሕርማታ ገበያ ማድረግ ብቻ ነው የሚያስፈልገው፤ ሐሙስ ገበያ የወጣ ሰው የሰከንድ ነገር መሆኑን ያውቃል። ልብ በሉ፤ ሚል ሐሳቡን አልከለከለም፤ ያው ሐሳብ ነው።

አሁን ለጅረን ልጅ ጥያቄ ልመልስ፤ ከሁሉ የከበደው የእርሱ ነውና። የምትወድደውን ሕግ ለምን አይጠብቅልህም? ፍቅርህ ትንሽ ስለሆነ አይደለም። ሕግ አንድ ጊዜ ፍቅርን መለካት ከጀመረ የሚያቆምበትን ስለማያውቅ ነው። በእንግሊዝ ሥር የነበረችውን ህንድ ተመልከት። አንድ ነቢዩን የሚያንኳስስ በራሪ መጽሐፍ ወጣ፤ አሳታሚው ተከስሶ በላሆር ከፍተኛ ፍርድ ቤት ነጻ ወጣ፤ ሕዝቡ ተቆጣ። በዚህ ምክንያት እ.ኤ.አ. በ1927 የወንጀል ሕጉ ላይ 295 ኤ የሚባል አንቀጽ ተጨመረ፤ «ሆን ብሎና በክፋት» የምእመናንን ስሜት የሚያስቆጣ እስከ 2 ዓመት ይታሰር አለ። ሲታይ እጅግ ልከኛ ሕግ ነው፤ የዚህ ክር ግማሽ የሚፈልገው ሕግ ነው። አሳታሚው ግን ከሁለት ዓመት በኋላ ተገደለ፤ ሕጉ አላዳነውም፤ ገዳዩንም አላረጋጋውም። ፓኪስታን ያንን ሕግ ወርሳ እ.ኤ.አ. በ1982 ቁርኣንን ለሚያረክስ የዕድሜ ልክ፣ በ1986 ደግሞ ነቢዩን ለሚሰድብ የሞት ቅጣት ጨመረችበት። ዛሬ በዚያ አገር በጎረቤት ጠብ፣ በመሬት ክርክር፣ በብድር ሳይቀር ይህ ክስ ይነሣል። እስር ቤት ከገቡትም ውስጥ የራሷ የእስልምና ምእመናን ብዙ ናቸው። አንተ የጠየቅኸው የእናትህ እንባ እንዲከበር ነው፤ ሕጉ የሚሰጥህ ግን ሌላ ነገር ነው።

የናዳ ተወላጅ
ጥቅምት 15፣ ከምሽቱ 2፡48

ስለ ህንድና ስለ ፓኪስታን ከመሄዳችን በፊት ወደ አሰንዳቦ እንምጣ፤ ከጅማ ወደ አዲስ አበባ በሚወስደው መንገድ ላይ ናት። የካቲት 2003 ሊያልቅ ሲል ቅዱስ ቁርኣን ተዋረደ የሚል ክስ ተሰማ። ከዚያ በኋላ በተከታታይ ቀናት በአሰንዳቦና በዙሪያዋ ብዙ አብያተ ክርስቲያናት ተቃጠሉ፤ በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ቤታቸውን ጥለው ሸሹ፤ የሰው ሕይወትም ጠፋ። በዚያው አካባቢ ክርስቲያኖችን የደበቁ ሙስሊም ጎረቤቶችም ነበሩ፤ ይህ ሲነገር ግን አልሰማም፤ የተቃጠለ ነገር ሁልጊዜ ከተረፈው ነገር በላይ ይታያል።

ከዚያ ጉዳይ የያዝኩት ትምህርት ከሁላችሁ የተለየ ነው። እኔ እስከማውቀው ከተቃጠሉት ቤቶች የአንዱ ባለቤት እንኳ ቁርኣን ነክቷል ተብሎ የተከሰሰ ሰው አልነበረም። ተናገረ ወይም አደረገ የተባለው አንድ ሰው ነው፤ የከፈሉት ደግሞ ስሙን እንኳ የማያውቁት ናቸው። እዚህ ላይ «ቃል ቤት ያቃጥላል» የሚለውን አባባል አልቀበልም። ቤት ያቃጠለው ክብሪት የያዘ ሰው ነው። ሕጉ ሁሉ ጊዜውን በተናጋሪው ላይ ሲያጠፋ፣ ክብሪት የያዘው «ተነክቼ ነው» ብሎ ግማሽ ይቅርታ ያገኛል። የመንግሥት የመጀመሪያ ግዴታ በዚያች ሌሊት የቤተ ክርስቲያኑ ወይም የመስጊዱ በር ላይ ጥበቃ ማቆም ነው፤ ተናጋሪው ነገም ይጠየቃል።

አላፊ አግዳሚ
ጥቅምት 15፣ ከምሽቱ 3፡11

መምህር፣ ሁሉም ግልጽ ነው እኮ። ፒክአፑ የማን እንደሆነ ለምን አይናገሩም? በዚህ ከተማ እንዲህ የሚያደርጉት የታወቁ ናቸው።

ጡረተኛው መምህር
ጥቅምት 15፣ ከምሽቱ 3፡30

ወንድሜ፣ ከዚህ ክር ውጭ በግል ሦስት ሰዎች ጽፈውልኝ ነበር። አንዱ «የእኛን ሰው ስም ስላላጠፉ አመሰግናለሁ» አለኝ፤ ሁለተኛው በሌላ እምነት ያለ ሲሆን እርሱም ያንኑ አለኝ፤ ሦስተኛው ደግሞ «የተነካነው እኛ መሆናችንን ለምን ይደብቃሉ?» ሲል ተቆጣኝ፤ እርሱ ያሰበው በር ግን ፒክአፑ የቆመበት በር አልነበረም። ሁሉም የራሱን ፒክአፕ አይቷል። አልናገርም።

የጅረን ልጅ
ጥቅምት 15፣ ከምሽቱ 4፡20

መምህር፣ የህንዱን መልስ አነበብኩ። ሙሉ በሙሉ አላሳመነኝም፤ እናቴን ግን አነበብኩላት።

አንድ ያልነገርኳችሁ ነገር አለ። የዚያን ቀን ቪዲዮ ቀርጫለሁ። ርዝመቱ 40 ሰከንድ ይሆናል። ማታውኑ በሰፈራችን ወጣቶች የቴሌግራም ቡድን ላይ «ደፈሩን፤ እዩት» ብዬ ለቅቄዋለሁ። ይህን የማነሣው ክሩ ሁሉ ስለ ተናጋሪው ስለሆነና እኔ እውነቱን ማሳየት መብቴ መሆኑን እንድታረጋግጡልኝ ነው። እኔ አልሰደብኩም፤ የተሰደብኩ ነኝ።

ጠበቃ ከመንደራ
ጥቅምት 15፣ ከምሽቱ 5፡04

ወንድሜ፣ ቪዲዮው ማስረጃ ነውና አታጥፋው፤ ለሚመለከተው አካል የሚቀርብ ከሆነ በስልክህ ይኑር። የለቀቅኸው ግን ሌላ ጉዳይ ነው።

የጥላቻ ንግግርንና የሐሰተኛ መረጃ ስርጭትን ለመከላከልና ለመቆጣጠር የወጣው አዋጅ ቁጥር 1185/2012 በሃይማኖት፣ በብሔር፣ በዘር፣ በጾታ ወይም በአካል ጉዳት ላይ ተመሥርቶ ሆን ብሎ በሰው ወይም በቡድን ላይ ጥላቻን፣ መድልዎን ወይም ጥቃትን የሚያነሣሣ ንግግርን ይከለክላል። ቅጣቱ እስከ 2 ዓመት ቀላል እስራት ወይም እስከ 100,000 ብር መቀጮ ነው፤ በንግግሩ ምክንያት ጥቃት ከተፈጸመ እስራቱ ከ1 እስከ 5 ዓመት ይሆናል። የሳይንስ ምርምር፣ የዜና ዘገባና ትንተና፣ የፖለቲካ ትችት፣ የጥበብ ሥራና የሃይማኖት አስተምህሮ ከክልከላው ውጭ ናቸው። አዋጁ እምነትን ሳይሆን ሰውን እንደሚጠብቅ ልብ በል፤ በዚህ ረገድ ከ816 ይልቅ የተሻለ ሕግ ይመስለኛል፤ በአተገባበሩ ላይ ያለኝ ቅሬታ እንደተጠበቀ ሆኖ።

በተባበሩት መንግሥታት ሥር እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣው የራባት የድርጊት መርሐ ግብር አንድ ንግግር በእርግጥ ለጥቃት ማነሣሣት መሆኑን ለመለየት ስድስት ነገሮችን እንድንመዝን ይመክራል፦ የጊዜውን ሁኔታ፣ የተናጋሪውን ማንነትና ተሰሚነት፣ ዓላማውን፣ የንግግሩን ይዘትና አቀራረብ፣ የደረሰበትን ስፋት፣ ጉዳት የማስከተል ዕድሉንና ቅርበቱን። ዛሬ ማታ ለራሴ በሁለታችሁ ላይ መዘንኩት። የፒክአፑ ሰው በሰፈሩ ተሰሚነት የለውም፤ አንተ ግን አለህ። የእርሱን ድምፅ የሰሙት በዚያ ግቢ የነበሩ ናቸው፤ የአንተን ያየው ማን እንደሆነ አንተም አታውቅም። እርሱ ሲናገር ሽማግሌ ነበር፤ ቪዲዮህ ላይ ሽማግሌው አሉ? ዓላማህ የእርሱ ዓይነት እንዳልሆነ አምናለሁ፤ በዓላማ ረገድ አንተ ትድናለህ። በሌሎቹ አምስቱ ላይ ግን ሚዛኑ ወዳንተ ያጋደለ ይመስለኛል።

የጅረን ልጅ
ጥቅምት 15፣ ከምሽቱ 5፡19

ሽማግሌው የሉበትም። እርሳቸው የመጡት ቀረጻውን ካቆምኩ በኋላ ነው።

ረዳት ሌክቸረር
ጥቅምት 16፣ ከጠዋቱ 2፡50

እዚህ ላይ በመምህር ፊት መሸነፌን በከፊል እቀበላለሁ፤ ጠበቃውን ግን መቃወም አለብኝ። የተሰደበ ሰው ስድቡን ቢያሳይ በሕግ ፊት ከሰዳቢው ጋር በአንድ ሚዛን ከተቀመጠ ነገ ማንም ጥቃትን ለማጋለጥ አይደፍርም። ማጋለጥ ቢያስከፋም መብት ነው። የዴንማርክን ነገር አስቡ፤ ስድበ መለኮትን የሚቀጣውን ሕጓን እ.ኤ.አ. በ2017 ሽራ፣ ቁርኣን ማቃጠል ሲበዛ በታኅሣሥ 2023 ቅዱሳት መጻሕፍትን በአደባባይ ማዋረድን የሚከለክል ሌላ ሕግ አወጣች። በበር የወጣ ነገር በመስኮት ተመልሶ ገባ። ሕግ በአንድ ሰሞን ቁጣ ሲጻፍ እንዲህ ነው፤ ስለዚህ ለጅረን ልጅ የምመክረው ከሕግ ፍርሃት የተነሣ አይደለም።

የመምህር መለኪያ ግን በስልክ ላይ ይላላል፤ ይህ ነው ዋናው ችግሬ። የሚያላግጠው ሰው በራሱ የቲክቶክ ላይቭ ላይ፣ ለራሱ ተከታዮች፣ ስጦታ እየተወረወረለት ቢናገር ወደ ማን ዞረ እንላለን? ፒክአፕ የለውም፤ በማንም በር ላይ አልቆመም። ከራሱ ቤት የወጣውን ቃል ጭኖ ወደ በራችን የሚያመጣው የተቀየመው ሰው ነው፤ እንዲያውም ላይቩ የሚተርፈው በዚህ ጭነት ነው፤ ሰውዬው ያለ ቁጡ ተመልካች እንጀራ የለውም። ጠብ ያለሽ በዳቦ ሲል የሚውል ሰው ዳቦውን የሚያገኘው ከተቆጣው ሰው መሶብ መሆኑ ይገርመኛል።

ጡረተኛው መምህር
ጥቅምት 16፣ ከጠዋቱ 4፡12

ትክክል ነህ፤ መለኪያዬ የተሠራው ለመንገድ ነው። ለላይቩ ሰው ሕግ አልፈልግም፤ ይናገር። ነገር ግን ፒክአፑን የምንነዳው እኛ የምንሆንበት ጊዜ እንዳለ አላሰብኩም ነበር። በሥነ ዜጋ መጽሐፋችን ውስጥም አልነበረም።

እናት ከፈረንጅ አራዳ
ጥቅምት 16፣ ከቀኑ 7፡00

ልጄ የጅረን ልጅ፣ እኔ የማውቀው ሕግ የለም። አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅህ። እናትህ ያንን ቃል አንድ ጊዜ ሰምታ አለቀሰች። ቡድኑ ውስጥ ስንት እናት አለ?

የጅረን ልጅ
ጥቅምት 16፣ ከምሽቱ 1፡45

ከቡድኑ ላይ አንሥቼዋለሁ፤ በስልኬ ላይ አለ። ጠበቃው የት መሄድ እንዳለብኝ በግል ነግረውኛል፤ የምከስሰው በረብሻው ነው፤ በቃሉ አይደለም። ስለ ቃሉ ያለኝን ሐሳብ አልቀየርኩም።

ከሰዓት በኋላ ግን ያ ቪዲዮ ከማላውቀው ቡድን ተመልሶ መጣልኝ። ከሥሩ የሌላ ከተማ ስም ተጽፎበታል፤ ቀኑም «ዛሬ» ይላል፤ «ሰው ሞቷል» የሚልም ተጨምሮበታል። «ይህ በእኛ ሰፈር ባለፈው ሳምንት የሆነ ነው፤ የቀረጽኩት እኔ ነኝ፤ ማንም አልተነካም፤ አንድ ሽማግሌ አነጋግረውት ሰውዬው ሞንታርቦውን አጥፍቶ ሄዷል» ብዬ ጻፍኩ። አንድ ሰው «አንተ ማን ነህ? የእነርሱ ወገን ነህ?» ሲል መለሰልኝ። ሌላ ልጽፍ ስል ከቡድኑ አስወጥተውኛል።